በአምስት ሰው አጭር ፊልም፦ አቅምን በጽሑፉ ላይ መመጠን

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። አንድ ተማሪ በእጁ ባለው አነስተኛ ገንዘብ፣ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ፊልም እንዴት ጀምሮ ሊጨርስ ይችላል? “ሊጨርስ” የምትለውን ቃል አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በአማካሪነት ከተከታተልኳቸው የተማሪ ፊልሞች መካከል መንገድ ላይ የቀሩት አብዛኞቹ የቀሩት በችሎታ ማነስ አልነበረም። አሥራ አምስት ገጸ ባሕርያት፣ ሁለት መኪና፣ አንድ የሠርግ ድግስና አንድ ፖሊስ ጣቢያ ያለበት ጽሑፍ ይጻፋል፤ ገንዘብ ከዘመድ ይሰበሰባል፤ ቀረጻው ይጀመራል፤ በሦስተኛው ቀን ገንዘቡ ያልቃል። የተከራየው ካሜራ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የተቀረጸውም በአንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ተዘግቶበት ይቀራል። ዕዳው ግን አይዘጋም። ልጃቸው የመመረቂያ ፊልሙን እንዲሠራ ብለው በሬ የሸጡ አባት አውቃለሁ፤ ፊልሙን ግን እስከ ዛሬ አላዩትም። “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የምለው በአጭሩ ይህ ነው፦ የገንዘብ እጥረት መፍትሔ የሚያገኘው በቀረጻ ቦታ ሳይሆን በጽሑፉ ላይ ነው። ጽሑፉ አቅምን አውቆ ከተጻፈ አምስት ሰው ይበቃል። አቅምን ሳያውቅ ከተጻፈ ግን ሃምሳ ሰውም አያድነውም። ይህን በመጀመሪያ ቀድመውን በሠሩት ሰዎች፣ ቀጥሎም በደጀን ላይ በታሰበ አንድ የመልመጃ ጽሑፍ አስረዳለሁ።

ቀድመው የሠሩት

ከራሳችን ሰው እንጀምር። በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ መጀመሪያ በቺካጎ ቴአትር፣ ኋላም በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1974፣ አገሪቱ በአብዮት ስትናጥ፣ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” የተሰኘውን ፊልም ቀረጸ። ፊልሙ በ16 ሚሊ ሜትር ጥሬ ፊልም፣ በጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ የተሠራ ሲሆን 150 ደቂቃ ይፈጃል። ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ቀረጻው የተከናወነው በሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ተዋናዮቹም በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ።

ርዝመቱን ስንመለከት አጭር ፊልም አይደለም። ነገር ግን አሠራሩ ከዛሬው ጉዳያችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ታሪኩ በአንድ ባለርስት መሬት ላይ የሚለፋ የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ለመቅረጽ ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ ማሳው አለ። ልብስ ማሰፋት አያስፈልግም፤ ሰዎቹ የራሳቸውን ልብስ ለብሰዋል። እርሻን የሚያስጠና አሠልጣኝም አያስፈልግም፤ በካሜራው ፊት የሚያርሰው ሰው ማረስ ያውቃል። ኃይሌ ገሪማ የጎደለውን ሁሉ የማይጠይቅ፣ በቦታው ያለውን ሁሉ ግን የሚጠይቅ ታሪክ መርጧል ማለት ነው።

ይኸው ሰው በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ በሠራው “ቡሽ ማማ” በተሰኘው ፊልም መክፈቻ ላይ ፖሊሶች ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ያ ትዕይንት በተዋናይ የተሠራ አይደለም። ፖሊሶቹ ያስቆሙት ራሱን የቀረጻ ቡድኑን ነበር፤ ካሜራው ግን አልቆመም። ፊልሙ የሚናገረው በዚያች ከተማ ጥቁር ሕዝብ ስለሚደርስበት ጫና ስለነበር፣ ቀረጻውን ያደናቀፈው ነገር የፊልሙ መግቢያ ሆነ። ትንሽ ቡድን እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ፈጥኖ ሊጠቀምበት ይችላል።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ የኃይሌ ጓደኛ የነበረው ቻርልስ በርኔት “ኪለር ኦቭ ሺፕ” የተባለውን የማስተርስ መመረቂያ ፊልሙን የሠራው ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ነው። በዋትስ ሰፈር የሚኖር የአንድ ቄራ ሠራተኛ ታሪክ ነው። ቀረጻው ባብዛኛው በሳምንቱ መጨረሻ ቀናት፣ ከሰፈሩ ነዋሪዎች ጋር ተከናወነ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1977 ተጠናቆ ቀረበ። ይሁን እንጂ በውስጡ የገቡት የታወቁ ዘፈኖች መብት ስላልተከፈለበት ለሠላሳ ዓመት ያህል በወጉ በሲኒማ ቤት ሳይታይ ኖረ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ የዘፈኖቹ መብት ብቻ 150,000 ዶላር ገደማ አስወጣ፤ ከፊልሙ ወጪ ቢያንስ አሥራ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለሳለሁ።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ የሴኔጋሉን ኡስማን ሴምቤንን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራው “ቦሮም ሳሬት” 20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን የአንድ የዳካር ጋሪ ነጂን የአንድ ቀን ውሎ ያሳያል። ጋሪው ሰውን ያሳፍራል፣ ጭነት ይጭናል፤ በመጨረሻም ወደ ሀብታሞች ሰፈር በመዝለቁ ፖሊስ ጋሪውን ይወስድበታል። አንድ ሰው፣ አንድ ፈረስ፣ አንድ ጋሪ፣ አንድ ቀን ነው። ንግግሩ ከቀረጻ በኋላ የገባ ስለሆነ አብዛኛውን የምንሰማው ጋሪ ነጂው በልቡ የሚያስበውን ነው። የድምፅ መሣሪያ ያልነበረው ፊልም የድምፅን ችግር በታሪኩ ዘዴ ፈታው።

በእኛም አገር የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም “ሂሩት አባቷ ማነው” በ1957 ዓ.ም. ሲሠራ ትልቁ ወጪ ጥሬ ፊልሙና እጥበቱ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ደቂቃ መድገም ገንዘብ ነበር። ዛሬ መድገም ገንዘብ አይፈጅም፤ ካሜራውም በኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ አለ። ወጪው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ዛሬ የሚፈጀን የሰው ቀን ነው፤ ይኸውም ምግብ፣ ማደሪያና ጉዞ። ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ካሜራውን በነጻ በማግኘታቸው ፊልሙ በነጻ የሚሠራ ይመስላቸዋል።

ጉባኤ ቃና እና አጭር ፊልም

ይህ አካባቢ የቅኔ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስን ለዚህ ጉባኤ ማስተዋወቅ አይገባኝም። የቅኔ ተማሪ ቆጠራውን ጨርሶ ወደ ዘረፋ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጠው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለው። ከመወድስ አይጀምርም። ይሁንና ጉባኤ ቃና ለጀማሪ የተተወ ተራ ነገር አይደለም፤ መምህራኑም በእሱ ይታወቁበታል። ሁለት ቤት ስለሆነ በውስጡ ትርፍ ቃል መደበቅ አይቻልም።

አጭር ፊልምም እንዲሁ ነው። የረጅም ፊልም ማስታወቂያ ወይም የተቆረጠ ምዕራፍ አይደለም። አንድ ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል፤ አንድ ነገር ይከለክለዋል፤ በመጨረሻም አንድ ነገር ይለወጣል። የኢራኑ አባስ ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. በ1970 የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ዳቦ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ በጠባብ መንገድ ላይ ውሻ ያጋጥመዋል። ልጁ ማለፍ ይፈልጋል፤ ውሻው ይጮኻል። ቁራሽ ዳቦ ሲወረውርለት ውሻው ይከተለዋል። ንግግር የለም። በደጀን፣ በሞጣ ወይም በቢቸና ይህን መሰል መንገድ፣ ይህን መሰል ልጅና ይህን መሰል ውሻ የማያውቅ ማን አለ?

ከደጀን የተነሣ ጽሑፍ

አሁን ወደ መልመጃው ልግባ። ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ “ምን ታሪክ አላችሁ?” የሚል አይደለም። “በእጃችሁ ምን አለ?” እላቸዋለሁ። ደጀን ምን አላት? ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ድልድዩን የተሻገረ መኪና ሁሉ ዳገቱን ጨርሶ ትንፋሽ የሚሰበስበው በእሷ ነው። ከእሷ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ የያዙ ልጆች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ።

ከዚህ ብቻ የሚከተለውን ታሪክ እናውጣ። ርእሱ “መልስ” ይሁን።

አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ በአውቶቡስ መስኮት በኩል የ20 ብር ቆሎ ትሸጣለች። ተሳፋሪው ባለ 200 ብር ኖት ይሰጣታል። ለመዘርዘር ወደ ሱቅ ትሮጣለች፤ ስትመለስ አውቶቡሱ ሄዷል። እጇ ላይ የእሷ ያልሆነ 180 ብር አለ። አያቷ “ለሰውዬው ትሰጭዋለሽ” ይሏታል። አውቶቡሱ በየትኛው መንገድ እንደሄደ ልጅቷ አታውቅም። ሆኖም ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው በብዛት አባይን ለመሻገር በደጀን ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ መገንጠያው ላይ ቆማ መጠበቅ ትጀምራለች። ቤት ውስጥ ዘይት አልቋል፤ ገንዘቡ በመሐረቧ ጫፍ ተቋጥሯል።

ይህ ጽሑፍ በገንዘብ ዐይን ሲታይ ምን ይጠይቃል? ሁለት ሰው፣ ማለትም ልጅቷና አያቷ፤ ሁለት ቦታ፣ ማለትም መንገዱ ዳርና የአያት ቤት፤ አንድ ዕቃ፣ ማለትም መሐረቡ። አውቶቡስ መከራየት አያስፈልግም። በመስኮት የሚወጣ እጅ፣ የሞተር ድምፅና የሚነሣ አቧራ ይበቃሉ። ተሳፋሪው ፊቱ አይታይም፤ ልጅቷም ፊቱን በደንብ አላየችውም፤ የታሪኩ ችግርም እሱ ነው። የበጀቱ ገደብና የታሪኩ ችግር አንድ ሆኑ ማለት ነው። “መልስ” የሚለው ቃልም የብሩን ቀሪና የጥያቄን ምላሽ ያዘለ ነው፤ ሰምና ወርቁን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ይህን ሐሳብ ለክፍል ስሰጥ ብዙዎች መጀመሪያ የሚጨምሩት ነገር አለ። ልጅቷ ባጃጅ ተከራይታ አውቶቡሱን ታባርራለች፤ ሌባ ይመጣል፤ ፖሊስ ይጠራል። እያንዳንዱ ጭማሪ ሁለት ሰውና ግማሽ ቀን ያስከፍላል። የሚጎዳው ግን ታሪኩን ነው፤ ሌባው በመጣ ቁጥር የልጅቷ ፈተና ከውስጧ ወጥቶ ወደ ሌባው ይሄዳልና። መጠበቋ ነው ፊልሙ።

አምስቱ ሰዎች

ለዚህ ጽሑፍ አምስት ሰው ይበቃል። ዳይሬክተር አንድ። የካሜራ ሠራተኛ አንድ። ድምፅ ቀጂ አንድ። አራተኛው አስተባባሪ ነው፤ ፈቃድ፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ የገንዘብ መዝገብና ሰዓት የእሱ ናቸው። አምስተኛው የተከታታይነት መዝጋቢ ነው። መሐረቡ በየትኛው እጅ እንደነበር፣ ነጠላው በየትኛው ትከሻ እንደወደቀ ይጽፋል፤ ልብስና ዕቃም ይይዛል። ከአምስቱ አንዱ ኋላ ኤዲቲንጉን ይሠራል።

ከእነዚህ ውስጥ ተማሪዎች የሚንቁት አስተባባሪውን ነው። ፊልሙ የሚጠናቀቀው ግን ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። ዳይሬክተሩ ምሳ የት እንደሚበላ እያሰበ ተዋናይን መምራት አይችልም።

የሰው ቀንን እናስላ። አምስት ሰው ለ4 ቀን ማለት 20 የሰው ቀን ነው። አሥራ ሁለት ሰው ለ4 ቀን 48 ይሆናል። ምግቡ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ በአንድ መኪና አይሄድም፤ ማደሪያውም ይበዛል። የተጨመሩት ሰባት ሰዎች ጓደኞቻችን ቢሆኑም ይርባቸዋል።

ገንዘቡን ስናከፋፍል እኔ ለተማሪዎች የምመክረው ይህን ነው። ከ10 ብር 3ቱ ለምግብና ለማደሪያ፣ 2ቱ ለጉዞ፣ 2ቱ በፊልሙ ለሚሳተፉና ቤታቸውን ለሚሰጡን ሰዎች፣ 2ቱ ለድምፅ መሣሪያና ለማከማቻ፣ 1ዱ ላልታሰበ ነገር። ለካሜራ ኪራይ ያላስቀመጥኩት ረስቼ አይደለም፤ ያለንን እንጠቀማለን።

ብርሃንና ሰዓት

ፀሐይ በነጻ የምትገኝ መብራት ናት፤ የምትሠራበት ሰዓት ግን የተወሰነ ነው። ደጀን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት የሰው ዐይን በግንባሩ ጥላ ይሸፈናል፤ ፊት ይጠቁራል። ስለዚህ የውጭ ቀረጻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ይሁን። በድምሩ 5 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም 330 ደቂቃ ነው።

አንድ ሾት፣ ማለትም ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀርጸው አንድ ቁራጭ፣ ከዝግጅት እስከ ድግም ቀረጻ 20 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። በቀን 16 ሾት ይሆናል፤ በ4 ቀን 64። ለ9 ደቂቃ ፊልም ይህ ይበቃል። ጽሑፉ 120 ሾት ከጠየቀ መልሱ ቀን መጨመር አይደለም፤ ወደ ጽሑፉ ተመልሶ መቀነስ ነው።

ቀትር ላይ በአያት ቤት ውስጥ እንሠራለን። በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ከደጅ በሚገባው ብርሃን በአንድ ወገን ይበራል፤ ሌላው ወገን ይጨልማል። ተቃራኒው ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ቢሰቀል ጥላው ይለሰልሳል። ማታ በአምፖል ብርሃን ስትቀርጹ አንድ ነገር አስታውሱ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራው በሰከንድ 25 ምስል፣ መዝጊያው ደግሞ 1/50 ሰከንድ ላይ ቢሆን የመብራቱ መርገብገብ በምስሉ ላይ አይታይም። ስልክም ቢሆን ይህን በእጅ ለማስተካከል የሚያስችሉ መተግበሪያዎች አሉ። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ታውቃላችሁና ባትሪዎቻችሁን ማታ ሳይሆን መብራት ባገኛችሁበት ሰዓት ሁሉ ሙሏቸው።

ወቅቱም ይቆጠራል። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ጠርቶ ጤፉ በማሳው ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ጽሑፋችሁ የሚጀምረው በአረንጓዴ ማሳ ሆኖ ቀረጻው አጨዳ ላይ ከወደቀ ችግሩን የፈጠራችሁት እናንተ ናችሁ።

ድምፅ

ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። በደጀን የሚያስቸግረው የከባድ መኪና ድምፅ ነው። ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ የሚወጣ ኤፍኤስአር ወይም ተሳቢ ከሩቅ ይሰማል። የእህል ወፍጮ አለ፤ ባጃጅ አለ፤ የድምፅ ማጉያ አለ። ከእነዚህ ጋር መጣላት አይቻልም። መኪናውን በታሪኩ ውስጥ አስገቡት፤ “መልስ” ውስጥ ልጅቷ የምትጠብቀው መኪናን ስለሆነ እያንዳንዱ የሞተር ድምፅ ተስፋዋ ነው። ንግግር ያለበትን ትዕይንት ደግሞ ከመንገዱ ርቆ ባለው ቤት ውስጥ አድርጉት።

ውድ ማይክሮፎን ከሌለ ርካሹን ማይክሮፎን ወደ አፍ አቅርቡት። ሁለተኛ ስልክ በድምፅ መቅጃነት ተዋናይዋ ነጠላ ውስጥ ተደብቆ ከካሜራው ማይክሮፎን የተሻለ ይሠራል። በእያንዳንዱ ሾት መጀመሪያ በእጅ አንዴ አጨብጭቡ፤ ምስሉና ድምፁ ኋላ የሚገጣጠሙት በእሷ ነው። ከየቦታው ከመነሣታችሁ በፊት ማንም ሳይናገር የቦታውን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ቅረጹ። ኤዲቲንግ ላይ ንግግሮችን የሚያጋጥማችሁ ሙጫ ያ ዝምታ ነው።

የተቀረጸውን በየምሽቱ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ገልብጡ፤ ሁለቱ ዲስኮችም በአንድ ቦርሳ አይጓዙ። ሜሞሪ ካርዱ የሚጠፋው ሁለቱም ቅጂ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

ፈቃድ፣ ክብርና ጸጥታ

ስለ ፈቃድ በግልጽ እናገራለሁ። ዛሬ በክልላችን ካሜራ ይዞ መንቀሳቀስ ራሱ ጥያቄ የሚያስነሣበት ጊዜ ነው። ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ከቀበሌው የተጻፈ ፈቃድ ሳይዝ ማንም ተማሪ ካሜራ አያውጣ። ድልድይ ጥበቃ ያለበት ቦታ ነው፤ “ቆንጆ ነው” ተብሎ አይቀረጽም። ድሮን አይታሰብ። የአካባቢው ሰው “ዛሬ አትውጡ” ካለ አይወጣም። ለደኅንነት ሲባል ጽሑፉን ከደጀን አንሥቶ ወደ ሌላ ከተማ መውሰድ ካስፈለገም ይወሰድ፤ መንገድ ዳርና ቆሎ ሻጭ ሌላም ቦታ አለ። ከሰው ሕይወት የሚበልጥ ሾት የለም።

ሁለተኛው ክብር ነው። በፊልማችሁ ላይ የምትሠራዋ ልጅ ሕፃን ናት። ወላጆቿ በጽሑፍ ይስማሙ፤ ትምህርት በሌለበት ቀን ይሠራ፤ ሲደክማት ይቁም። ቤታቸውን የሰጡን እማማ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትተዋል፤ “እግዜር ይስጥልኝ” ማለት ተገቢ ነው፣ ግን ክፍያውን አይተካም። ገበሬውን “እስኪ እንደገና እረስ” ከማለታችሁ በፊት በሬዎቹ ስንተኛ ሰዓታቸው እንደሆነ ጠይቁ። በፊልሙ መጨረሻ ስማቸውን በትክክል ጻፉ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው በእነሱ ፊት ይሁን። አንድ የትምህርት ቤት ግድግዳ፣ አንድ አንሶላና አንድ ፕሮጀክተር ይበቃል።

ኤዲቲንግና ሙዚቃ

ቻርልስ በርኔትን ያስታወስኩት ለዚህ ነበር። የታወቀ ድምፃዊን ዘፈን ከኢንተርኔት አውርዶ ፊልም ሥር ማስገባት ቀላል ነው፤ በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ሕግ አለ። ፊልማችሁ አድጎ ፌስቲቫል ሲደርስ የሚያስቆመው ያ ዘፈን ነው። ከዚህ ይልቅ በአካባቢው መሰንቆ የሚመታ ወይም ዋሽንት የሚነፋ ሰው ፈልጉ፤ በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ክፈሉት። ወይም ያለ ሙዚቃ ሥሩት። በአፋፉ ላይ የሚነፍሰው ነፋስም የሚናገረው አለው።

ኤዲቲንግ ላይ የመጀመሪያው ቅንብር ሁልጊዜ ይረዝማል። 14 ደቂቃ ከሆነ 9 እስኪሆን ቁረጡ። ለመቁረጥ የሚከብዳችሁ ቀረጻው ያደከማችሁን ሾት ነው፤ ተመልካቹ ግን ድካማችሁን አያይም። ፊልሙን ላላየ ሰው አሳዩትና “ልጅቷ ምን ፈለገች?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካመነታ ችግሩ የተመልካቹ አይደለም።

ከጥያቄና መልሱ የተወሰደ

*ከደጀን የመጡ መምህር፦* ዶክተር፣ ስለ ገለጻው አመሰግናለሁ። ነገር ግን ቆሎ የምትሸጥ ልጅን መቅረጽ ድህነታችንን ለሌላው ማሳያ ማድረግ አይሆንም ወይ?

*መልስ፦* ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ መምህር። ልዩነቱ ካሜራው ከልጅቷ ምን ይፈልጋል የሚለው ላይ ነው። እንድናዝንላት ብቻ ከቀረጽናት እውነትዎን ነው፣ ማሳያ አድርገናታል። በዚህ ጽሑፍ ግን ልጅቷ ተመጽዋች አይደለችም። ነጋዴ ናት፤ የሰው ገንዘብ በእጇ አለ፤ ምን እንደሚደረግበት የምትወስነው እሷ ናት። ተመልካቹ የሚጠይቀው “ምን እንስጣት?” ብሎ ሳይሆን “እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?” ብሎ ነው። ይህም የሚረጋገጠው ፊልሙን በመጀመሪያ በእናንተ ፊት ስናሳይ ነው። እናንተ ካፈራችሁበት ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም።

*የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦* ዶክተር፣ መጨረሻው ምንድን ነው? ሰውዬው ይመለሳል?

*መልስ፦* ይህን ለክፍሉ የተውኩት ሆን ብዬ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልንገርህ። ሰውዬው ከተመለሰ አንድ ተጨማሪ ተዋናይ ትመግባለህ። ካልተመለሰ ደግሞ ልጅቷ በመጨረሻው ሾት ላይ የምታደርገው ነገር ሁሉንም መሸከም አለበት። ሁለቱንም ጻፋቸውና እስከ ሰኞ አምጣልኝ፤ ከዘጠኝ ገጽ እንዳይበልጥ።